የጥያቄ ምልክቷ እና ዝርዝሩ

«ስምዎ የለም፣ እማማ።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር የሰማናት ከአክስታችን ጋር የአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ቆመን ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አንጠራም። እናንተም የየራሳችሁ መስኮት አላችሁና በእሱ ተክታችሁ አንብቡት። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተሰልፈን ተራችን የደረሰው አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነበር። አክስታችን ደረሰኟን በመስኮቱ አሾልካ ሰጠች። ልጁ ስሟን በፍጥነት ጻፈ፣ ስክሪኑን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

ስሟ የሚጀምረው በፀሐዩ «ፀ» ነው። ልጁ የፈለጋት በጸሎቱ «ጸ» ነበር።

«ሁለቱም አንድ አይደሉም እንዴ?» አለች አክስታችን።

«ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ አይደሉም» አለ ልጁ። ክፉ ልጅ አልነበረም። በፀሐዩ «ፀ» ሞከረ፤ የለም። ስሟ ውስጥ ደግሞ «ሐ» አለ። በሃሌታው ሞከረ፣ በሐመሩ ሞከረ፣ በብዙኃኑ ሞከረ። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። በስድስተኛው ሙከራ አክስታችን ተገኘች። ከነፎቶዋ እዚያው ነበረች፤ የትም አልሄደችም።

ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ነገር ከነከነን። ልጁ ስድስት ጊዜ ከሚጠይቅ ለምን አንዴ አይጠይቅም? «ከእነዚህ ስሞች ውስጥ በአንዱም ቢሆን የተመዘገበች ሴት አለች?» ብሎ ዝርዝሩን በአንድ ጊዜ ቢሰጠውስ? ጥያቄውን ለአንድ ፕሮግራመር ወዳጃችን አነሳንለት። ሳቀና «ይቻላል፤ ግን ከምታስቡት በላይ ታሪክ ያለው ነገር ነው» አለን። እኛ የጋዜጠኝነት ምሩቆች ነን፤ «ታሪክ አለው» ከተባልን አንተኛም። ቆፈርን። ያገኘነው እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ ኮድ የሆነ ሰው

ነገሩ የሚጀምረው በ1970 ነው። ኤድጋር ኮድ የተባለ እንግሊዛዊ (አዎ፣ ስሙ ኮድ ነው፤ እኛ አላወጣንለትም) ካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ በሚገኘው የአይቢኤም የምርምር ማዕከል ይሠራ ነበር። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ ያሳተመው ጽሑፍ ዛሬ ባንካችሁ፣ ቴሌአችሁና የተመዘገባችሁበት መሥሪያ ቤት ሁሉ የሚጠቀሙበትን የዳታቤዝ ዓይነት ወለደ። ሐሳቡ ሲጠቃለል ቀላል ነው፤ መረጃ ሁሉ በሰንጠረዥ ይቀመጥ፣ ሰንጠረዦቹም በውስጣቸው ባለው መረጃ ይገናኙ።

ኮድ ግን አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው። አንድ ሣጥን ውስጥ አንድ ነገር ብቻ! ዝርዝር አይገባም። በጽሑፉ ላይ የሰጠው ምሳሌ ራሱ የአንድ ሠራተኛ ልጆች ነበሩ። ሠራተኛው አምስት ልጆች ቢኖሩት «ልጆች» የሚል ሣጥን ውስጥ አምስቱን አትጨምቁም። ለልጆቹ ሌላ ሰንጠረዥ ትከፍታላችሁ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ መስመር፣ በየመስመሩ የወላጁ ቁጥር።

አገራችን ቅጽ የሞላ ሰው ይህን ሕግ በደንብ ያውቀዋል። «የልጅ ስም» ይልና አንዲት አጭር ሰረዝ። አምስት የወለደች እናት ስሞቹን እያጠጋጋች፣ ዳርዳሩን እየተጠቀመች ትጽፋለች። ኮድ ቢያያት «ሌላ ወረቀት ስጧት» ይል ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነው። ዳርዳሩ ላይ የተጻፈ ስም ማንም ፈልጎ አያገኘውም።

እንግዲህ ልብ በሉ። በዚህ ዓለም ውስጥ «ዝርዝር» የሚባል ነገር የለም። ዝርዝር ካላችሁ ሰንጠረዥ ነው። የዛሬው ታሪካችን ጣጣ ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል።

አንድ ምልክት፣ አንድ መልስ

በ1974 ዶናልድ ቻምበርሊን እና ሬይመንድ ቦይስ የተባሉ ሁለት የአይቢኤም ወጣቶች ለኮድ ሰንጠረዦች ቋንቋ ሠሩ። ስሙን «ሲኩዌል» አሉት። ዓላማቸው ፕሮግራመር ያልሆነ ሰውም ዳታቤዙን በሰው አነጋገር እንዲጠይቅ ነበር። ቦይስ ቋንቋው ዓለምን ሲገዛ አላየም፤ በዚያው ዓመት ገና በሃያዎቹ ዕድሜው ሳለ በድንገተኛ የአንጎል ሕመም ሞተ። ስሙ የአንድ የእንግሊዝ አውሮፕላን ሠሪ ኩባንያ የንግድ ምልክት ሆኖ ስለተገኘ ቋንቋው አናባቢዎቹን አራግፎ «ኤስኪውኤል» ሆነ። በ1986 የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ደረጃ አወጣለት።

በዚያ ደረጃ ውስጥ «ኢን» የምትባል ትንሽ ቃል አለች። ትርጉሟ «ከእነዚህ ውስጥ» ነው። ስሙ ኢን፣ ቅንፍ ይከፈታል፣ ስሞቹ በነጠላ ሰረዝ እየተለዩ ይደረደራሉ፣ ቅንፍ ይዘጋል። የመስኮቱ ልጅ የሚፈልጋት እሷን ነበር። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?

ችግሩ ስሞቹ የዓረፍተ ነገሩ አካል መሆናቸው ነው። ፕሮግራም ስትጽፉ ተጠቃሚው ማንን እንደሚፈልግ አስቀድማችሁ አታውቁም። ስለዚህ የስሙን ቦታ ባዶ ትተዋላችሁ፤ ባዶዋ ቦታ የምትጻፈው በጥያቄ ምልክት ነው። «ስሙ ? የሆነውን አምጣ»። ዳታቤዙ ዓረፍተ ነገሩን አንዴ ያነባል፣ እንዴት እንደሚፈልግ ያቅዳል፣ ከዚያ ምልክቷ ላይ የሚገባውን ስም ይቀበላል። ይህ አሠራር ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ያው ዓረፍተ ነገር ሺህ ጊዜ ሲመጣ ዕቅዱ ዝግጁ ስለሆነ ይፈጥናል። ሁለተኛው ይበልጣል፤ ምልክቷ ላይ የሚገባ ነገር ምንም ቢሆን እንደ ስም እንጂ እንደ ትእዛዝ አይነበብም።

የሁለተኛው ጥቅም ክብደት የታወቀው ዘግይቶ ነው። በ1998 ዲሴምበር «ፍራክ» የተባለው የሃከሮች መጽሔት በ54ኛ ቁጥሩ ላይ ጄፍ ፎሪስታል በብዕር ስም የጻፈውን አወጣ። ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ የተጠቃሚውን ጽሑፍ በቀጥታ ከዓረፍተ ነገሩ ጋር እየሰፋ የሚልክ ከሆነ፣ ተንኮለኛ ሰው በስም ቦታ ላይ ትእዛዝ ይጽፋል፤ ዳታቤዙም ይታዘዛል። ቅጽ ላይ «የአባት ስም» በሚለው ቦታ «ይህን ፋይል ቅደድ» ብሎ እንደ መጻፍና ጸሐፊውም አንብቦ እንደ መቅደድ ማለት ነው።

እንግዲህ የጥያቄ ምልክቷ ዘበኛ ናት። ነገር ግን ዘበኛዋ አንድ ሰው ብቻ ነው የምታስገባው። አንድ ምልክት፣ አንድ መልስ። ጃቫ በ1997 ከዳታቤዝ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ ይዞ ሲመጣ፣ ለቁጥር፣ ለጽሑፍ፣ ለቀን የሚሆን መክተቻ ነበረው። ለዝርዝር የሚሆን አልነበረውም። ሦስት ስም ካላችሁ ሦስት የጥያቄ ምልክት፣ አስራ ሁለት ካላችሁ አስራ ሁለት። የስሙ ብዛት በተለወጠ ቁጥር ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ሌላ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። የቸኮለ ፕሮግራመር ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅታችሁም። ስሞቹን በነጠላ ሰረዝ ሰፍቶ በቀጥታ ይልካል፤ ዘበኛዋን አልፎ።

አስተርጓሚዎቹ

በዘጠናዎቹ ፕሮግራመሮች የሚያስቡበት ዓለምና መረጃው የሚቀመጥበት ዓለም ተራርቀው ነበር። በጃቫ ዓለም ሰው የሚባል ነገር አለ፤ ሰውየው የልጆች ዝርዝር በእጁ ይዟል። በኮድ ዓለም ሰንጠረዥ ብቻ። በመካከል አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ይህ አስተርጓሚ ነው «ኦአርኤም» የሚባለው፤ አንዱን የሰንጠረዥ መስመር ወደ አንድ «ሰው» የሚቀይር፣ «ሰውየውን» ደግሞ መልሶ ወደ ሰንጠረዥ የሚያስገባ። ካናዳ ውስጥ የተወለደው ቶፕሊንክ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ስሙ የገነነው ግን በ2001 አውስትራሊያዊው ጋቪን ኪንግ የጀመረው ሃይበርኔት ነው። ኪንግ በጊዜው ጃቫ ያቀርብ የነበረው መንገድ አንገሽግሾት ነበር የተነሳው።

ሃይበርኔት ለዝርዝር መፍትሔ አበጀ። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «ስሞች» የሚል አንድ ምልክት ታስቀምጣላችሁ፤ ከዚያ ለዝርዝር ብቻ በተዘጋጀው መንገድ አስራ ሁለቱን ስም በአንዴ ታቀብሉታላችሁ። አስተርጓሚው ከመጋረጃው ጀርባ ምልክቷን ወደ አስራ ሁለት ይዘረዝራታል፤ ስሞች0፣ ስሞች1፣ ስሞች2 እያለ። ከዚያ ወደ ዳታቤዙ ይልካል። የጃቫ ይፋዊ ደረጃ ይህን ለመቀበል ጊዜ ወስዷል። በ2006 የወጣው የመጀመሪያው ስሪት «ኢን» ላይ ዝርዝርን በአንድ ምልክት ማሳለፍ አልነበረውም። የተጨመረው በ2009 በወጣው ሁለተኛው ስሪት ነው።

እኛን በተለይ ደስ ያሰኘን ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም ከዜና ክፍል የወጣ ነው። በ2003 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ሎረንስ በምትባል ከተማ፣ «ሎረንስ ጆርናል ወርልድ» የተባለ የአካባቢ ጋዜጣ ድረ ገጽ ላይ የሚሠሩ ሁለት ወጣቶች ነበሩ፤ አድሪያን ሆሎቫቲ እና ሳይመን ዊሊሰን። ሆሎቫቲ እንደ እኛው ጋዜጠኝነት የተማረ ነው! አለቃ መጥቶ «ነገ ጠዋት ይህ ገጽ ይውጣልኝ» በሚልበት ቤት ውስጥ ሥራ የሚያፋጥን መሣሪያ ሠሩ። በ2005 ለዓለም በነጻ ለቀቁት። ስሙንም በጊታር ተጫዋቹ ጃንጎ ራይንሃርት ስም «ጃንጎ» አሉት።

ጃንጎ የራሱ አስተርጓሚ አለው፤ ዝርዝርንም እንደ ዘመድ ነው የሚቀበለው። የፓይተን ዝርዝር ትሰጡታላችሁ፣ እሱ የጥያቄ ምልክቶቹን ቆጥሮ ያሰናዳል። እንዲያውም በ2012 በወጣው 1.4 ስሪት ላይ ፕሮግራመሩ ሳያስበው ዝርዝር የሚልክ ነገር ተጨመረበት። 200 ዜና አላችሁ እንበል፤ እያንዳንዱ ዜና ደግሞ መለያ ርዕሶች አሉት። የዋሁ መንገድ ዜናዎቹን በአንድ ጥያቄ አምጥቶ፣ ለእያንዳንዱ ዜና መለያ ርዕሶቹን እንደገና መጠየቅ ነው፤ ድምሩ 201 ጥያቄ። አዲሱ መንገድ የ200ውን ዜና ቁጥር በዝርዝር ሰብስቦ «የእነዚህን ሁሉ መለያ አምጣ» ይላል። ድምሩ ሁለት ጥያቄ። በመስኮቱ ፊት ስድስት ጊዜ በመመላለስና አንዴ በመጠየቅ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው።

ሺህ አንደኛው

ዝርዝሩ ግን ያድጋል። ኦራክል የተባለው ታዋቂ ዳታቤዝ ለብዙ ዓመታት በ«ኢን» ቅንፍ ውስጥ ከ1000 በላይ ነገር አይቀበልም ነበር። ገደቡ ከፍ ያለው በቅርብ ስሪቶቹ ነው። የማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር በአንድ ጥያቄ ከ2100 በላይ ምልክት አይወስድም። በስልካችሁ ውስጥ የሚኖረው ትንሹ ኤስኪውላይት እስከ 2020 ድረስ ልኩ 999 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ 32,766 ነው። ፖስትግሬስ የምልክቶቹን ብዛት በ16 ቢት ስለሚቆጥር 65,535 ላይ ይቆማል።

እነዚህ ቁጥሮች ደረቅ ይመስላሉ። ግን አስቡት። ፕሮግራሙ ሲሞከር የተሞከረው በሃምሳ ሰው ነው። ሰባት ወር ይሠራል፣ ሁሉም ይደሰታል። አንድ ጠዋት 1001ኛው ሰው ይመዘገባል። በዚያ ጠዋት ሥርዓቱ ለማንም አይሠራም። ጥፋቱ ደግሞ የማንም አይመስልም። ጃንጎ ይህን ስለሚያውቅ ከኦራክል ጋር ሲሠራ ረጅሙን ዝርዝር በሺህ በሺህ ከፍሎ «ወይም» በሚል ቃል ይቀጥለዋል።

ርዝመቱ በተለያየ ቁጥር ዓረፍተ ነገሩ አዲስ ስለሚሆንም ዕቅዶች ይከማቻሉ፤ ማስታወሻ ይሞላል። ሃይበርኔት በኋላ ላይ ለዚህ አንድ ብልሃት ጨመረ። አምስት ስም ካለ ስምንት ምልክት ያሰናዳና የመጨረሻውን ስም ደጋግሞ ይሞላበታል። ያው ስም ሲደገም መልሱ ስለማይለወጥ ማንም አይጎዳም፤ የዓረፍተ ነገሩ ዓይነት ግን ወደ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ይወርዳል። ዕቁብ ሰብሳቢ ጎዶሎውን ዕጣ በራሱ ስም እንደሚሞላው ማለት ነው።

ፖስትግሬስ ደግሞ ሌላ በር አለው። ይህ ዳታቤዝ በ1986 በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የኮድ ሣጥን ጠቦናል ባሉ ሰዎች ነው፤ በአንድ ሣጥን ውስጥ ዝርዝር ይፈቅዳል። ስለዚህ አንድ የጥያቄ ምልክት ላይ ሙሉ ዝርዝር ማስገባት ይቻላል። ዝርዝሩ ቢረዝምም ዓረፍተ ነገሩ አይለወጥም። ሕጉን የጣሰው ልጅ የሕጉን ጣጣ ፈታ።

ባዶ ዝርዝርም አለ። ማንንም ያልያዘ። «ከእነዚህ ውስጥ» ብላችሁ ቅንፉን ባዶ ብትተዉት አብዛኞቹ ዳታቤዞች ስህተት ነው ብለው ይጮኻሉ። ስህተቱን ለማምለጥ ብሎ «ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ቅድመ ሁኔታውን ተወው» የሚል ፕሮግራመር አለ። ያኔ «ከእነዚህ ውስጥ ያሉትን ሰርዝ» የነበረው ትእዛዝ «ሁሉንም ሰርዝ» ይሆናል። ጃንጎ እዚህ ላይ ጨዋ ነው። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ዳታቤዙን ሳያስቸግር «ማንም የለም» ብሎ ይመልሳል።

ቁጥሩ ትእዛዝ የሆነበት ቀን

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ድሩፓል በብዙ አገር መንግሥታትና ድርጅቶች ድረ ገጽ የሚሠሩበት ሶፍትዌር ነው። ሰባተኛው ስሪቱ በ2011 ወጣ። ዳታቤዙን የሚያናግረው ክፍል ልክ እንደ ሃይበርኔት ዝርዝርን ይዘረዝር ነበር፤ ስም_0፣ ስም_1፣ ስም_2። ዘበኛዋም በቦታዋ ነበረች። ስሞቹ በጥንቃቄ በምልክት ይገባሉ።

ግን ያ «0፣ 1፣ 2» ከየት ይመጣል? ፕሮግራሙ ራሱ አይቆጥርም ነበር። ዝርዝሩ ይዞት ከመጣው የተራ ቁጥር ነበር የሚቀዳው። ዝርዝሩ ደግሞ ከጎብኚው ቅጽ ሊመጣ ይችላል። ጎብኚውም ተራ ቁጥሩ ቦታ ላይ የፈለገውን መጻፍ ይችላል። የምልክቷ ስም ደግሞ ዋጋ አይደለም፤ የዓረፍተ ነገሩ አካል ነው። ስለዚህ በተራ ቁጥር ቦታ የተጻፈ ትእዛዝ ዘበኛዋን ሳያናግር በጎን ገባ። ሰልፉ ላይ ሰዎቹ በሙሉ ተፈትሸዋል፤ ተራ ቁጥሩን የያዘችውን ወረቀት ግን ማንም አልፈተሸም።

ክፍተቱን ያገኘው ሴክሽንአይንስ የተባለ የጀርመን የደኅንነት ድርጅት ነው። ኦክቶበር 15 ቀን 2014 ማስጠንቀቂያውና ማስተካከያው አብረው ወጡ። ክፍተቱን ለመጠቀም የይለፍ ቃል አያስፈልግም ነበር። በሰዓታት ውስጥ ጥቃቱ በራስ ሰር ይካሄድ ጀመር። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ኦክቶበር 29፣ የድሩፓል የደኅንነት ቡድን አስደንጋጭ ማስታወቂያ አወጣ። ማስተካከያው በወጣ በሰባት ሰዓት ውስጥ ያልተስተካከለ የድሩፓል 7 ድረ ገጽ ሁሉ እንደተሰበረ ቁጠሩት አለ።

ማስተካከያውስ? የአንዲት መስመር ለውጥ። ዝርዝሩ ይዞት የመጣውን ተራ ቁጥር ጥሎ ከዜሮ ጀምሮ ራስ መቁጠር። ለሦስት ዓመት ከምናምን የተከፈተው በር የተዘጋው «ቁጥሩን ከእንግዳው አትቀበል፣ ራስህ ቁጠር» በሚል አንድ ሐሳብ ነው።

ወደ መስኮቱ

አሁን አክስታችንን እንመልሳት። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አገኘ። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ስድስት። ፀ እና ጸ ሁለት። «ፀሐይ» የሚለው ቃል ብቻ በአስራ ሁለት መንገድ ይጻፋል። «ኃይለሥላሴ» በሃያ አራት፤ ሥላሴን አለያይታችሁ ከጻፋችሁት ደግሞ አርባ ስምንት። በአማርኛ ስም መፈለግ ማለት ድሮውንም ዝርዝር ይዞ መሄድ ነው።

ወዳጃችን ሌላም መንገድ አለ ይላል፤ ሲመዘገብ የሰውየውን አጻጻፍ እንዳለ አስቀምጦ፣ በጎኑ ፊደላቱ ወደ አንድ ዓይነት የተጠቃለሉበትን ቅጂ ማኖር። ጥሩ መንገድ ነው። ቀድሞ ለተመዘገበው ግን ዛሬ፣ በዚህች ደቂቃ፣ አስራ ሁለቱን ስም በአንድ ጥያቄ መላክ ይበቃል። ከ1000 በታች ነው፤ ኦራክልም አይቆጣም። ተራ ቁጥሩን ራሳችን እንቆጥራለን፤ የሚያስፈራ የለም። ቴክኖሎጂው ከሃያ ዓመት በላይ እዚያ ተቀምጧል።

የቀረው ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው «አንዲት ሴት በስንት ዓይነት ልትጻፍ ትችላለች?» ብሎ መጠየቁ ነበር። ስላልጠየቀ የመስኮቱ ልጅ በእሱ ፈንታ ስድስት ጊዜ ጠየቀ። ያን ቀን የገረመን ልጁ መድከሙ አይደለም። ሌላ መስኮት ላይ ሌላ ልጅ ቢሆን በመጀመሪያው «የለም» ያቆም ነበር፤ አክስታችንም ደረሰኟን አጣጥፋ ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር። ኮምፒውተሩ «የለም» ሲል የሚለው እኮ «በጠየቃችሁኝ ስም የለም» ነው። ሁለተኛውን ግማሽ ስክሪኑ ላይ ማንም አይጽፈውም።

እስቲ እናንተም ንገሩን። ስማችሁ በስንት ዓይነት ተጽፎ አገኛችሁት? በስንተኛው ሙከራስ ተገኛችሁ?